ጆቴ መርዳሳና ዐሥራ ስድስቱ ኦም

ጆቴ መርዳሳ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በፒንሳ ነበር። ዕቃው እጁ ሲገባም ማዞሪያ አልነበረውም፤ የቀረችው ቀጭን የብረት ዘንግ ብቻ ናት፣ እሷም ለጣት አትጨበጥም። ስለዚህ ፒንሳው ከኮቱ ኪስ አይለይም፤ ሱቅ ሲውልም፣ ለቅሶ ሲደርስም አብሮት ነው። ይህችን ፒንሳ ከሁሉ አስቀድሜ ያነሣኋት ኋላ ለደረሰው ነገር እሷም ስላለችበት ነው። ከእሷ የበለጠ ያለሁበት ግን እኔ ነኝ።

እኔና ጆቴ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተን ሃያ ዓመት ኖረናል። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርህ» እላለሁ፤ እኔ ማለዳ ዳዊት ስደግም እሱ ከወዲያ ሆኖ «ገብሬ፣ ዛሬ አቋረጥክ፣ ሆድህን አመመህ እንዴ?» ይለኛል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለ ሰጠኝ እግዚአብሔርን ሳላመሰግን ያደርኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ጆቴ የተወለደው ከደራ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ነው። አባቱን ተከትሎ ሲያርስ አደገ፤ ጎረምሳ ሳለ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሊያወርድ ወደ ናዝሬት መጣ። እዚያ አንድ አርመን ራዲዮ ጠጋኝ አገኘው። አርመኑ መጀመሪያ ሱቁን አስጠረገው፣ ቀጥሎ ብሎን አስፈታው፣ በመጨረሻም ሞያውን አስተማረውና ከአገር ሲወጣ መበየጃውንና የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሩን ትቶለት ሄደ። ጆቴ ፈረንጅኛ አያነብም፣ ቁጥር ግን አንብቦ አይጠግብም። በሱቁ በር ላይ በገዛ እጁ «የማይናገር እናናግራለን» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፎ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ «ማንን ነው የምታናግረው?» አለው። ጆቴ ሳይስቅ ብሩሹን አነሣና መካከል ላይ አንድ ቃል አስገባ፤ «የማይናገር ራዲዮ እናናግራለን» ሆነ። ቃሏ ጠባብ ቦታ ላይ ስለገባች ጎብጣ ቀረች።

ሚስቱ ዘርፉ ትባላለች። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ደራርቱ።

ደራርቱ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ በስድሳ ስምንት፣ አንድ ደንበኛ በትልልቅ ጥቅል ክር የሚሠራ ቴፕ ለጥገና አምጥቶ ነበር። ጆቴ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ድምፅ መቅዳቱን ሊፈትን ልጁን ጠራና «እስቲ የሆነ ነገር ተናገሪ» አላት። እሷም ይህንኑ ስትጠብቅ ኖራለች! ዜና አንባቢ መሆን ነበር ምኞቷ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተናገረች። ያን ቀን እኔም ሱቁ ውስጥ ስለነበርኩ አስታውሰዋለሁ።

«አባዬ፣ ይዟል እንዴ?» አለች መጀመሪያ። ጆቴ ራሱን ነቀነቀላት። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ይህ ከጆቴ መርዳሳ ሱቅ የሚተላለፍ ዜና ነው። ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ዘርፉ የእማማ ሸዋወርቅን ዶሮ በመጥረጊያ አባርረዋል። ዶሮዋ በበኩሏ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል እንደምታቀርብ ገልጻለች» አለች። እኔ ሣቄ አምልጦኝ እሱም ተቀድቷል። የቴፑ ባለቤት ሳይመለስ ከከተማው ጠፋ፤ ወሬውንም የሰማ የለም። ቴፑና ክሩ ጆቴ ዘንድ ቀሩ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ደራርቱን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያዟት። ዘርፉ ልጇ ወደታሰረችበት ዐሥራ ስምንት ቀን ስንቅ አመላለሰች። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ዘበኛው ሳሕኑን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ሌላ ነገር አልተናገረም። ያን ዘመን ያየ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል። ነገር ግን አስከሬን አልተሰጠም፣ ድንኳን አልተጣለም፣ መርዶም አልተነገረም። በእኛ ወግ ደግሞ መርዶ ያልተነገረው ሰው አያለቅስም፤ ሰዎች በማለዳ መጥተው፣ ቁጭ ብለው፣ ቁርጡን ካልነገሩት ሐዘኑ አይጀመርም። ቢጀመርም ማልቀስ ያስጠቁም ነበር። ዘርፉ ሳሕኑን ይዛ ተመለሰች፣ አጠበችው፣ ሰቀለችው። አላለቀሰችም።

በሚቀጥለው ዓመት እኅቷን ልትጠይቅ መቂ ሄዳ ወባ ጣላት። እዚያ የወጓት ብርቱ መድኃኒት ነፍሷን አተረፈ፤ ጆሮዋን ግን ግማሽ በግማሽ ወሰደው። እንደ ወፍ ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ለቅሶ ያለው ቀጭን ድምፅ አይገባላትም። የወፍጮ ቤቱን ሞተርና የእኔን ጎርናና ድምፅ ግን ትሰማለች። «አንተን እንኳ ባልሰማ እመርጥ ነበር» ትለኝ ነበር እየቀለደች።

እንዲህ ስንኖር በሰባ ስድስት፣ ፍልሰታ ጾም ላይ ይመስለኛል፣ ጆቴ ሱቅ ሳይከፍት ቀረ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አሞሃል?» አልኩት።

«የደራርቱ እናት ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ፊቷ አለ፤ ድምጿ ግን ጠፋኝ› አለችኝ። ከእንቅልፏ ነቅታ ድምጿን ፈልጋ አጣችው። ‹ዘቢብ ያስቀመጥኩበት እንደ ጠፋኝ ሆነብኝ› አለች።»

«ክሩ አለ አይደል? አሰማት እንጂ!»

«አሰማኋት። ‹ይሄ ቆርቆሮ ነው፣ የእኔ ልጅ አይደለችም› ብላ ተነሥታ ሄደች።»

ለካ የቴፑ የራሱ ስፒከር መዳፍ የምታክል ናት፤ የምታወጣውም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ዘርፉ ደግሞ ያጣችው ቀጭኑን ነው። ሁለቱ ጉድለት አንድ ላይ ሲጋጠም ልጅቷ በመካከል ትወድቃለች። ጆቴ ይህን በእንጨት አፈሩ ላይ እየጫረ አስረዳኝ። ክሩ ላይ ሙሉ ድምፅ አለ፤ የደረቷም፣ የጉሮሮዋም አለ። ይህን የሚያወጣ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየርና ሰፊ ስፒከር ከተገኘ ግን ዘርፉ ልጇን እንደነበረች ትሰማታለች። «አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ ከሰማችው ይበቃታል» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆቴ የሌላ ሰው ራዲዮ የሚሠራው ለእንጀራው ነው፤ የሚኖረው ግን ለዚህ ነገር ሆነ።

አምፕሊፋየሩ የተገኘው ወንጂ ነው። ራህመቶ የሚባል ሰው በሸንኮራ እርሻው መንደር ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ምግብ ያበስል ነበር፤ ፈረንጁ በስድሳ ሰባት ሲሄድ ዕቃውን አከፋፍሎ ሄዷል። ጆቴ ወሬውን ሰምቶ ሲደርስ ራህመቶ ዕቃውን አሳየው። ዶሮ ተኝታበታለች።

«ሙቀት ይይዛል ብዬ ነው» አለ ራህመቶ ሳያፍር። «ጌታው ሲያበራው እንደ ምድጃ ይሞቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ አልወጣለትም ብዬ።»

«ዶሮዋ ታቅፋ ነው?»

«ዘጠኝ እንቁላል።»

ጆቴ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቀ። በየሦስት ቀኑ በአውቶቡስ ወንጂ እየሄደ ዶሮዋን ይጠይቅ ነበር። ራህመቶ ኋላ ላይ፣ «ሚስቴን እንኳ ስትወልድ እንዲህ የጠየቃት የለም» እያለ ይተርብ ነበር። ዕቃውን ያለ ምንም ዋጋ ሰጠው።

ቤት መጥቶ ኩሱን በብሩሽ ጠርጎ፣ አቧራውን አራግፎ ሲከፍተው እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች በተርታ ቆመዋል፤ ሁለቱ ትልልቆቹ የእጅ አውራ ጣት ያህላሉ። ከኋላ የስፒከር ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ተቀርጿል፦ 16። ጆቴ ቁጥሩን በጣቱ ዳሰሰው።

«ዐሥራ ስድስት ኦም ይፈልጋል፤» አለኝ። «እዚህ አገር ያለው ስፒከር አራት ነው፣ ቢበዛ ስምንት።»

«ኦም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አንተ እንኳ አታውቀውም፣ ጎንበስ ብለህ አርሰህ አታውቅም። ይሄ አምፕሊፋየር በሬ ነው በል። ስፒከሩ መሬቱ ነው። በሬው የለመደው አሸዋማ መሬት ነው፣ ዐሥራ ስድስቱ ማለት ነው። ኮትቻ ላይ፣ ጥቁሩ ጭቃ ላይ ብታስገባው ይስባል፣ ይስባል፣ ጉበቱ ይቃጠላል። አራቱ ኦም ኮትቻ ነው።»

እንዲህ እያወቀ አንድ ቀን ትዕግሥት አጣና ከሞጆ ከአንድ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ያገኛትን አራት ኦም ስፒከር አሰረ። ድምፁ ወፈረ፣ ወዲያው ግን እንደ ሰከረ ሰው ተንተባተበ፤ ከትልልቆቹ ቱቦዎች አንዱ ሆዱ እንደ ፍም ቀላ። ጆቴ ዘልሎ አጠፋው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ዕቃውን በዓይኑ እንኳ አላየውም። «ገድዬው ነበር» ይላል ብቻ።

በሦስተኛው ቀን መላው መጣለት። ሁለት ስምንት ኦም ስፒከሮች በአንድ መስመር አንዱ ከሌላው ኋላ ቢታሰሩ ስምንትና ስምንት ዐሥራ ስድስት ይሆናል። አንዱን ከተዘጋ መጠጥ ቤት ያገኘው አለ። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው እኩያ መሆን አለበት። «አንዱ አራት፣ አንዱ ዐሥራ ሁለት ቢሆንስ? ድምሩ ያው አይደል?» ብለው፣ «ጥጃና በሬ ትጠምዳለህ?» አለኝ።

ያችን እኩያ ፍለጋ ሁለት ዓመት ፈጀች። ጆቴ በሞጆ የጭነት መኪና ነጂዎችን ጠየቀ፤ ደራ ገበያ ሄደ፤ ሜትሩን እንደ ሐኪም ማዳመጫ ደረቱ ላይ ሰቅሎ በየመንገዱ የወደቀ ስፒከር ሁሉ ይለካ ነበር። «ሜትሩ ስድስት ካለ ስምንት ነው፣ ሦስት ካለ አራት ነው» ይላል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አርመኑም አልነገረው። ሁልጊዜ ሦስት ይላል። ተመልሶ ሲመጣ ዘርፉ አትጠይቀውም። እግሩን የሚታጠብበት ውኃ አቅርባ ፊቱን ታያለች፣ ይበቃታል።

በሰባ ስምንት ክረምት ማብቂያ ላይ መቂ ውስጥ ወዬሳ ከሚባል የሽንኩርት ደላላ ዘንድ ተገኘች። ወዬሳ ከተሰበረ የሙዚቃ ሣጥን አውጥቷት፣ የመኪና ጭነት ሲያስጭን የሚጠራበት ማጉያ አደርጋታለሁ ብሎ አልሆነለትም ነበር። ጆቴ ሜትሩን አስጠጋ፤ ስድስት አለ። ወዬሳ እንደነገረኝ ከሆነ ጆቴ እዚያው የሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀመጠና «ገላታ ዋቃዮ» ብሎ እግዚአብሔርን አመስግኖ ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ። «ሽንኩርቱ ነው አለኝ፤» አለ ወዬሳ፣ «ገና ያልተላጠ ሽንኩርት!»

ለሁለቱ ስፒከሮች ከሻይ ሣጥን ቤት ሠራንላቸው። ውስጡ ካልታፈነ እንደ በርሜል ይጮኻል ብሎ ጥጥ ሲፈልግ ዘርፉ ሳትጠየቅ ትራሷን ቀድዳ ሰጠችው። በዚህ ሥራ ያየሁባት የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ተስፋ ያቺ ናት። በድንጋይ ላይ ጨርቅ አጥፋ ስትንተራስ ከረመች።

ሰዓቱን የመረጠው ጆቴ ነው። በእኛ ሰፈር የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሣ መብራቱ ይደክማል፤ ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ኃይሉ ሳይረበሽ መሆን አለበት። በጥቅምት ሰባ ዘጠኝ፣ አንድ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሦስታችን ቤታቸው ውስጥ ተገናኘን። ዘርፉ ነጠላዋን አጣፍታ ከስፒከሮቹ ፊት በዱካ ተቀመጠች፤ ለእንግዳ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች።

ጆቴ እኔን ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ አቆመኝና እንደ ቄስ ገሠጸኝ። «ማብሪያ ማጥፊያውን ከእኔ በቀር ማንም አይነካም። አንዴ ከጠፋ ደኅና ሳይበርድ እንደገና ሊበራ አይገባም። እነዚህ ሁለት መስታወቶች ምትክ የላቸውም፤ ብልጭ ድርግም ካደረግኻቸው ይሞታሉ። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ምን አልኩህ?»

«ማብሪያ ማጥፊያው አይነካም።»

አበራው። ቱቦዎቹ ቀስ ብለው እንደ ማለዳ ሰማይ ቀሉ። እሱ ፒንሳውን አውጥቶ ዘንጓን አዞረ፣ አብዝቶ አዞራት፣ ፒንሳውን ኪሱ መለሰ። ከስፒከሮቹ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ድምፅ መጣ። ክሩን አስነሣ።

መጀመሪያ የመጣው ትንፋሽ ነው። አንድ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ። እኔ ዐሥር ዓመት ሙሉ ክሩ ላይ ትንፋሽ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ በትንሿ ስፒከር አይሰማም። ዘርፉ ጀርባዋ ቀጥ አለ። ከዚያ በሙሉ ድምፅ፣ ደረት ባለው ድምፅ፣ ልክ መካከላችን ተቀምጣ እንዳለች፦

«አባዬ፣ ይዟል እንዴ?»

ዘርፉ እጇን ወደ ስፒከሩ ዘረጋች። በዚያው ቅጽበት ከግቢው ማዶ፣ ከእማማ ሸዋወርቅ ቤት፣ የሴት ጩኸት ተነሣ።

እንዲህ ያለውን ጩኸት ማንም አይስተውም። የእማማ ሸዋወርቅ ልጅ አለማየሁ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ዘመዶቻቸው ለካ ከአሰላ መጥተው ሌላ ሰፈር አድረዋል፤ ለማንም ሳይናገሩ በማለዳ ገብተው መርዶውን ነገሩ። ጎረቤት መርዶ ሲነገር ራዲዮ የሚያስጮኽ ቤት ሰው የሚኖርበት አይባልም። ደራርቱ ደግሞ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን» ልትል ነበር፤ ቀጥሎ የምትናገረው ስለዚያው ቤት ዶሮ ነው።

«ዝም አሰኘው! ገብሬ፣ ዝም አሰኘው!» አለ ጆቴ፤ እሱ አስቀድሞ በሩን አልፏል። ዘርፉም ተነሥታ እየሮጠች ወጣች።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ዘንጓን በጣቴ ያዝኳት፣ አልዞረችም። ፒንሳው ከጆቴ ጋር ሄዷል። ማብሪያ ማጥፊያው አይነካም። ዓይኔ የስፒከሮቹ ሽቦ ላይ ወደቀ። ነቀልኩት። ጸጥ አለ። መስታወቶቹ እንደበሩ፣ ክሩ እንደሚዞር ትቼ፣ ብልህ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ለቅሶው ሮጥኩ።

እማማ ሸዋወርቅ መሬት ላይ ተኝተው ሴቶች ይዘዋቸዋል። ዘርፉ በሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያላለቀሰች ሴት ናት፤ ብዙዎቹ ልቧ ደንዳና ነው ይሏት ነበር። አፏን ከፈተችና፣

«አባዬ፣ ይዟል እንዴ?» አለች።

እንደ ሙሾ አወጣችው። ደረቷን እየመታች ደገመችው። የሚያለቅሱት ሴቶች ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቁም፤ አልቃሽ ያለችውን መቀበል ግን ልማዳቸው ነውና ተቀበሏት። ዐሥራ አምስት ሃያ ሴት በአንድ ድምፅ «አባዬ፣ ይዟል እንዴ?» ይል ጀመር። ከመካከላቸው አንዷ ቀና ብላ ዘርፉን አየቻት፤ ገባት መሰለኝ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ከሌሎቹ ይልቅ አበዛችው። ጆቴ ከወንዶቹ ጋር አጎንብሶ ተቀምጧል። ራሱን ቀና አላደረገም። በሌላ ሰው ልጅ ለቅሶ ላይ የራሱን ልጅ ቀበረ።

አራት ሰዓት ግድም ድንኳን ስንተክል ጆቴ ካስማ እያቀበለኝ በለሆሳስ ጠየቀኝ።

«አጠፋኸው አይደል?»

«ዝም አሰኘሁት። ስፒከሩን ነቀልኩት። ማብሪያውን እንዳልከኝ አልነካሁትም።»

ካስማው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ዛሬም ስጸልይ ዓይኔን ከጨፈንኩ አየዋለሁ።

በሩን ስንከፍት የተቃጠለ ሙጫ ሽታ ተቀበለን። ክሩ አልቆ ጫፉ እየተንገጫገጨ በከንቱ ይዞራል። ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ያለው፣ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያሻግረው ትራንስፎርመር ሆዱ ተከፍቶ ጥቁር ሬንጅ ጠረጴዛው ላይ ፈስሷል። ጆቴ አጠፋው። የነቀልኩትን ሽቦ አንሥቶ፣

«በሬ በሙሉ ጉልበቱ እየሳበ ሳለ ምራኑ ቢበጠስ ምን ይሆናል?» አለኝ።

መልሱንም ራሱ ነገረኝ።

«በጉልበቱ ተደፍቶ አንገቱ ይሰበራል። ስለ ከባዱ መሬት ነገርኩህ፤ ስለ ባዶው አልነገርኩህም።»

«ጆቴ፣ እኔ ነኝ—»

«ለለቅሶ ነው የነቀልከው። እንደጮኸ ትተኸው ብትሄድ ኖሮ ከእንግዲህ ጎረቤቴ አልልህም ነበር።» ከዚያ ወደ ውጭ ወጣ፤ ድንኳኑ አንድ ጎኑ አልተተከለም ነበርና።

እስከ አርባው ድረስ በግቢያችን ድምፅ የሚያወጣ ነገር አልተከፈተም። ጆቴ በዚያ ጊዜ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ፈትቶ ሽቦውን ይቆጥር ጀመር። እሱ ዙሩን ይጠራል፣ እኔ በደብተር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሽቦው እንደ ጠጉር የቀጠነ ነው፣ ብዙ ቦታም ከሰል ሆኗል። በቁጥሩ ልክ እንደገና ለመጠምጠም ከተሰበሩ ራዲዮዎች ቅንጣቢ ሽቦ እየቀጣጠለ ሦስት ጊዜ ሞከረ። አንደኛው ሲበራ ጨሰ። ሁለተኛው ድምፅ አልሰጠም። ሦስተኛው ላይ ዓይኑ ሞራ ለብሶ ነበርና ቁጥሩ ጠፋው፤ ሁለት ሺህ ምናምን ላይ ቆመና «ስንት አልኩህ ገብሬ?» አለኝ። እኔም ምልክት ማድረግ ትቼ እሱን ሳይ ነበር። ሽቦው የሚጠመጠምበትን ስፖል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ጠራረገ።

ምትክ ትራንስፎርመር ደግሞ አይገኝም። አዲስ አበባ ድረስ ሰው ላከ፤ እንዲህ ያለውን ያየ የለም። በሰማንያ ሁለት ግንቦት ላይ ጆቴ በሳንባ ምች ታሞ በስምንት ቀኑ አረፈ። ሲገነዝ ፒንሳው ኮቱ ኪስ ውስጥ ተገኘ። የሚወርሰው ልጅ ስለሌለ እኔ ወሰድኩት።

ክሩ በቆርቆሮ ሣጥን፣ ከእርጥበት በራቀ ቦታ እኔ ዘንድ አለ። አምፕሊፋየሩንም በጨርቅ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ፤ ዶሮ አላስተኛበትም። እግዚአብሔር ያን ማለዳ ለዘርፉ ሦስት ቃል አሰማት። ከአራተኛው በፊት ለምን እንዳቆመ አልጠይቀውም፣ ስለ ሦስቱ ግን አመሰግነዋለሁ። ቢያንስ ዘርፉ አልቅሳለች እላለሁ። ይህ ግን እንደማይበቃ አውቃለሁ።

ምክንያቱም ዘርፉ አንዳንድ ማለዳ ግድግዳውን ትመታለች። ዳዊቴን አቁሜ አዳምጣለሁ።

«ገብሬ፣ ምን ነበር ያለችው?»

«‹አባዬ፣ ይዟል እንዴ?› ነው ያለችው» እላታለሁ ጮክ ብዬ። የእኔ ድምፅ ወፍራም ነውና ይሰማታል።

«ቃሉንማ አውቀዋለሁ፤» ትላለች። «እንዴት አድርጋ ነበር ያለችው? ጠፋብኝ እኮ፣ እንደገና ጠፋብኝ።»

አንድ ቀን ልሞክርላት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከወዲያ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ስታስጠጋ ጭቃው ሲፈረፈር ተሰማኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።